ከድመቷ ሥር ያለችው ልጅ

ጊስሌን ዕድሜዋን ሁሉ ቀለም ስትቀባ ነው የኖረችው። ባሏ ላምበር ለልጆች መጽሔት የሥዕል ታሪኮችን በጥቁር ቀለም ይስል ነበር፤ እሷ ወጥ ቤት ተቀምጣ ሰማዩን ሰማያዊ፣ ጣሪያውን ቀይ ታደርግ ነበር። ስሟ አንድም ቀን አልታተመም። እዚህ ብራስልስ የዚያ ዘመን ሠዓሊ ሚስት ሁሉ እንደዚያው ነበረች፤ ማን ከቁብ ቆጥሯት!

ልጃቸው ኦዲል በአራት ዓመቷ ታማ ተኛች። ላምበር አልጋዋ አጠገብ ሆኖ ሲሠራ፣ እጁ ሳያስበው ፊቷን ገጹ ላይ ሳለው። የመጽሔቱ አዘጋጅ በጣም ተቆጣ።

«የታመመ ሕፃን አሳይተህ አንባቢዎቼን ልታስለቅስ ነው?»

ያን ጊዜ ሥዕል የሚታረመው ሌላ ወረቀት በላዩ በመለጠፍ ነበር። ላምበር በቁራጭ ወረቀት ላይ ድመት ሳለ፤ ጊስሌን ሙጫ ቀብታ ልጇ ፊት ላይ ለጠፈችው። ገጹም እንደ ልማዱ ማተሚያ ቤት ቀረ፤ እዚያ የገባን ሥዕል ማን ይመልሳል! ብዙም ሳይቆይ ኦዲል ሞተች። ላምበር ሐዘኑ ቢጠናበት ፎቶዎቿን አንድ ሳያስቀር ምድጃ ውስጥ ከተታቸው። እሱም ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው።

ዘንድሮ ያ ገጽ ሳብሎን ሰፈር ለጨረታ ቀረበ። ወሬውን ያመጣላት ጎረቤቷ ፌርናን ነው።

«የላምበር ድመት ልትሸጥ ነው! ደግሞ ለአንዲት ድመት ብለሽ ቤትሽን እንዳትሸጪ።»

«ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ!» አለችው። ላምበርን አሁን ማን ያስታውሰዋል? ገጹ በርካሽ ይሸጣል፤ ያጠራቀመችው ይበቃት ነበር።

ከጨረታው በፊት ገጾቹን ማየት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው። ጊስሌን ሄደች። ምናለ ዝም ብላ አይታ ብትመለስ! አንጀቷ አልቻለም።

«ልጄ፣ እስቲ ገጹን ወደ መስኮቱ ቀና አድርግልኝ» አለችው፣ ገጾቹን የሚያሳየውን የጨረታ ቤቱን ወጣት ሠራተኛ ቲቦን።

ቀና አደረገው። ብርሃኑ ከጀርባ ሲመታው ከድመቷ ሥር ትንሽ ፊት ብቅ አለ፤ ያ ግንባሯ፣ የተጨፈኑት ዐይኖቿ። የኔ እናት፣ አለች ጊስሌን በሆዷ።

ቲቦም አየ። «ማዳም! ከሥር ሌላ ሥዕል አለ እኮ!»

«ኧረ ጥላ ነው» አለች። ማን ይስማት!

በጨረታው ዕለት አጫራቹ «ማንም አይቶት የማያውቅ የተደበቀ ፊት!» ሲል አዳራሹ ተንጫጫ። ጊስሌን እጇን አንዴ አነሣች። ዋጋው ወዲያው ጥሏት ሄደ፤ በስልክ የሚጫረት አንድ ሰው ወሰደው።

ቲቦ ፊቱ በደስታ በርቶ መጣ። «ማዳም፣ ይኼ ሁሉ እኮ በእርስዎ ዐይን ነው!»

«ልጄ ናት» አለችው። «ከሥር ያለችው የሞተችው ልጄ ናት። ገዢው ድመቷን ሲያነሣት ጥራኝ። አንዴ ልያት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቲቦ የሚገባበት ጠፋው።

«አያነሧትም፣ ማዳም» አላት ቀስ ብሎ። «ውድ ያደረገው መደበቁ ነው፤ ከተላጠ ዋጋው ይወድቃል። እንደተለጠፈ ባንክ ካዝና ውስጥ ሊያስቀምጡት ነው።»

ጊስሌን እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ሰው ሁሉ እያያት አለቀሰች። እናት ናት፤ ምን ታድርግ።