ቆሎ የተጠቀለለበት ታሪክ

አብዮቱ እንደፈነዳ አዳማ ያለው ትምህርት ቤታችን የነገሥታቱን ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ሰብስቦ ለመጠቅለያ ሸጣቸው። የገዟቸው በሩ ላይ ቆሎ የሚሸጡ፣ ማንበብ የማይችሉ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ።

መጻሕፍቱ ሳይከለከሉ ዞር ብዬ አይቻቸው አላውቅም። አሁን ግን ክፍል ውስጥ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሳነበንብ እቆይና፣ እረፍት ላይ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ከመጠቅለያው ላይ ንጉሥ አነባለሁ። ያናደደኝ ገጹ ተከታትሎ አለመምጣቱ ነው። ጦርነቱ ገና ሲጋጋል ወረቀቱ ያልቃል።

"እትዬ፣ የሚቀጥለውን ገጽ ይፈልጉልኝ፤ ማን እንዳሸነፈ ልይ" እላቸዋለሁ።

"ያ ዋቃ! ቆሎውን ብዪ እንጂ ማን ወረቀት አንብቢ አለሽ!"

እስከ ዛሬ አሸናፊውን የማላውቀው ጦርነት አለ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን በዚያ በር ሳልፍ፣ እትዬ አርጅተው እዚያው ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው ስለ ሶሻሊዝም የተጻፉ ቀያይ መጻሕፍት ተከምረዋል፤ ቆሎውን ከእነሱ እየቀደዱ ይጠቀልላሉ።

"እትዬ፣ ይሄኛውም መንግሥት ወደቀ አይደል?" አልኳቸው።

"በደህና ጊዜ ነው የወደቀው ልጄ" አሉኝ። "የንጉሡ ወረቀት ሊያልቅብኝ ነበር።"