ጋሽ ወርቁን ዩክሬንኛ ለማስተማር ወደ ፎርት ዎርዝ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከካሮልተን ተነሣሁ። የምሄደው እንደ ወትሮው ፎርት ዎርዝ ነው፤ ጋሽ ወርቁን የጀማሪ ዩክሬንኛ ላስተምር። የዛሬውን ጉዞ የሚለየው አንድ ነገር ነው። ቋንቋውን የሚማሩላት ልጃቸው ኦሌና በመኪና አደጋ ሞታለች። እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው አያውቁም።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው ዩክሬን ተልከው መካኒክነት ሲማሩ፣ ሃሊና ከምትባል የአገሩ ሴት ኦሌናን ወለዱ። ልጅቷ ሳትድህ ወደ ኢትዮጵያ ተጠሩ። ያኔ የተማሩት በሩሲያኛ ነበር፤ እሱም ጠፍቶባቸዋል። ባለፈው ገና ሰሞን ኦሌና አፈላልጋ አገኘቻቸው። እኔ ካርኪቭ አራት ዓመት ስለተማርኩ በየእሑዱ ስልክ ላይ አስተረጉምላቸው ነበር። እሳቸው ግን «ልጄን በሰው አፍ እስከ መቼ ላናግራት?» ብለው ደብተር ገዙ።

ሐሙስ ዕለት ሃሊና መርዶውን ለእኔ ደውላ ነገረችኝ። እኔም ለወንድማቸው ልጅ ለዳዊት ነገርኩት።

«ሶ፣ ሁሉም ከሥራ ኦፍ የሚሆነው እሑድ ነው» አለኝ። «የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይዘን በማለዳ እንገባለን። ብቻቸውን ናቸው፤ ስኳርም አለባቸው። አንቺ ቅዳሜ እንዳትቀሪ። ከቀረሽ ይጠረጥራሉ።»

እሺ አልኩ። መርዶ ሰው ተሰብስቦ እንጂ ለብቻ እንደማይነገር እያየሁ ነው ያደግኩት።

መንገድ ላይ

አውራ ጎዳና ሠላሳ አምስትን ወደ ደቡብ ይዤ፣ በመቶ ሰማንያ ሦስት ወደ ምዕራብ ታጠፍኩ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሣር በሙቀቱ ገርጥቷል። ኤርፖርቱ አጠገብ አውሮፕላኖች ከመኪናዬ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። በቀኝ መስመር ቀስ ብዬ ነዳሁ። ቤንዚን ስለተወደደ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱ ግን መድረስ አልፈለግኩም።

ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሜ ስኳር የሌለው፣ በረዶ ያለበት ሻይ ሁለት ገዛሁ። ከሦስት ዶላር መልስ ተሰጠኝ። ውሃና ብርቱካንም አንሥቼ ነበር፤ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ስለመሰልኩ መለስኩት።

ረፋድ፣ ፎርት ዎርዝ

ጋሽ ወርቁ በሩን ከፍተው ጠበቁኝ።

«ቲቸር፣ ሃያ ደቂቃ! እኔ ባረፍድ በእንብርክክ ታስኬጂኝ ነበር።»

«ትራፊክ ነው፣ ጋሼ።»

«ቅዳሜ?» ብለው ሳቁና ደብተሩን ገፋ አደረጉልኝ። የሰጠኋቸውን ዐሥር ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል። የመጀመሪያው «እኔ አባትሽ ነኝ» የሚለው ነው። ዩክሬንኛ በአሁን ጊዜ «ነኝ»ም «ነው»ም አያስፈልገውም፤ «ያ ትቪይ ታቶ»፣ እኔ አባትሽ፣ ብሎ ያበቃል። እሱን አልሳቱም። ሁለተኛው ላይ ግን ልጃቸውን ሲጠሩ «ኦሌና» ብለዋል። በዚያ ቋንቋ የሚጠራ ሰው ስም መጨረሻው ይለወጣል፤ «ኦሌኖ» ማለት ነበረባቸው። ከዚያም በታች ሦስት ስሕተት ነበረ።

እኔ ኮማ እንኳ የማላሳልፍ መምህር ነኝ። ዐሥሩም ላይ የ«ልክ ነው» ምልክት አድርጌ ደብተሩን መለስኩ።

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይህን ስሟን ባለፈው ሃያ ጊዜ አስጽፈሽኛል» አሉ። «ዛሬ አላረምሽኝም።»

«አላየሁትም፣ ጋሼ።»

«አይተሻል። እንደ በሽተኛ እያባበልሽኝ ነው።» ደብተሩን ዘጉ። «ማን ነው የሞተው?»

ዳዊትን አሰብኩ፤ ሽማግሌዎቹን አሰብኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«መቼ?»

«ረቡዕ። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ነው።»

«እኔ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳጠና ነበር» አሉ።

ከዚያ እስክሪብቶውን አነሡ።

«እናቷ ከማን ጋር ናት?»

«ብቻዋን ናት።»

«‹ሃሊና፣ ከአንቺ ጋር አለቅሳለሁ› የሚለውን በዩክሬንኛ ጻፊልኝ። አሁን ግን እንደ ድሮሽ አርሚኝ።»

«ሃሊኖ፣ ያ ፕላቹ ዝ ቶቦዩ» ብዬ ጻፍኩላቸው። አራት ጊዜ አሉት፤ አራት ጊዜ አረምኳቸው። በአምስተኛው የሃሊናን ስልክ ቁጥር ራሳቸው መቱ። ሃሊና አነሣች። ሲሉላት ልቅሶዋ እኔ ድረስ ተሰማ። ብዙ ተናገረች። ላስተረጉም ጠጋ ስል ጋሽ ወርቁ በእጃቸው ከለከሉኝ። ሲያደምጡ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ነበር።

ስልኩን ዘግተው፣ «ነገ ሲመጡ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ» አሉኝ። «ዳዊት ተጨንቆ ያሰናዳው ነው። አንቺም እንዳትነግሪው።»

ልደር ብላቸው እንቢ አሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ካሮልተን

ቤቴ ስደርስ ዳዊት ደወለ።

«ጠረጠሩ እንዴ?»

«ትምህርታቸውን ተማሩ» አልኩት።

ሰው የምንሰበስበው ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ነገር ግን ሰዉ እስኪሰበሰብ ድረስ፣ ልጃቸው የምትሰማቸው ይመስል ቃል ሲለማመዱ፣ እኛ አንድ ላይ ሆነን እሳቸውን ብቻቸውን ተውናቸው። ከካሮልተን ፎርት ዎርዝ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ሐሙስ ማታ ወዲያውኑ መንዳት ነበረብኝ።