ላጲስ የሌለው እርሳስ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሁለት ዓመት እሁዶችና አንድ ቋሚ ደንበኛ አስወጣኝ። ደንበኛው እሁድ መጥቶ ሱቄን ዝግ ሲያገኘው ጎረቤቴ ጫማ ሸጠለት። እዚያው ቀረ።

መገናኛ ጫማ እሸጣለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል የወጣሁት የሒሳብ አስተማሪው ሰሌዳ ፊት ገትሮኝ ክፍሉ በሙሉ ስለሳቀብኝ ነው። በስተርጅና የማታ ትምህርቱን ጨረስኩና ኮሌጅ ገብቼ አካውንቲንግ ልማር ብዬ አምና ተፈተንኩ። ሒሳብ ጣለኝ። የሦስት ጥንድ ጫማ ቅናሽ ሳልተነፍስ አሰላልሃለሁ፤ ወረቀት ላይ ኤክስ ካየሁ ግን እጄን ያልበኛል።

ዘንድሮ ደግሜ ስመዘገብ ባለቤቴ፣ «አሁንም ካላለፍክ እሁድ ሱቁ ይከፈታል፤ ኮሌጅ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አለችኝ።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የሠራሁትን የልምምድ ወረቀት ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው።

«አባዬ፣ ይሄን ለምን በላጲስ አጠፋኸው?»

«ቶሎ መጣልኝ። ቶሎ የመጣ ነገር ይጠረጠራል።»

«ትክክል ነበር እኮ! ይሄም። ይሄም። ያጠፋኸው ሁሉ ትክክል ነው።»

ወረቀቱን ተቀብያት አየሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያ ዋጋ ተቀብዬ አላውቅም። ገዢ መጀመሪያ የሚጠራው ውሸት ነው፤ እኔ መጀመሪያ የምጠራውማ የባሰ ውሸት። ለካ ከራሴ መልስ ጋር ስከራከር ነው የከረምኩት።

«ጥያቄው ዋጋ አይቀንስልህም፣ አባዬ» አለችና የእርሳሴን ላጲስ በጥርሷ ነቅላ ተፋችው። «በዚህ ነው የምትፈተነው።»

የፈተናው ቀን ሰባተኛው ጥያቄ ላይ መልሱ መጣ። ቶሎ፣ በጣም ቶሎ። አጠቆርኩት፤ ወዲያው እጄን አላበኝ። አውራ ጣቴ ወደ እርሳሱ ጫፍ ሄዶ ባዶውን ቆርቆሮ ነካ። ከጎኔ ያለው ተፈታኝ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነጭ ላጲስ ተጋድሟል። ላጲሱን እንዲያውሱኝ ልጠይቅ እጄን አወጣሁ።

ፈታኙ መጣ። «አቤት፣ ምን ፈለጉ?»

ላጲሱን አየሁት። ሰሌዳውን አየሁት። ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ግድግዳው ላይ አለልዎት።»

ወደ ስምንተኛው አለፍኩ።

ውጤቱን ልጄ ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። አልፌያለሁ። ሒሳብ ሃምሳ አራት። ደንበኛው አልተመለሰም። እሁድ ኮሌጅ ነኝ፤ ሱቁ ዝግ ነው።