በረዶ የነካው ብልቃጥ

የአረፋ ማግስት፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ። አዳማ በሚገኘው ቤቷ እናቴ የጠዋት መርፌዋን ልትወጋ የኢንሱሊን ብልቃጧን ከፍሪጅ አወጣች። መድኃኒቱ በረዶ ሆኖ ነበር።

በበዓሉ ቀን ዜና ክፍል ተረኛ ስለነበርኩ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በማግስቱ የመጀመሪያ መኪና ነው። ቦርሳዬን አስቀምጬ የቀረበልኝን ሻይ ገና አልጨረስኩም። እናቴ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ አገላበጠችው።

«ወተቱ አልንቀሳቀስ አለኝ» አለች። መድኃኒቱ ድፍርስ ነጭ ስለሆነ ወተቱ ነው የምትለው።

ተቀብያት አየሁት። ከታች ያለው ግማሽ ነጭ ድንጋይ መስሏል፤ ከላይ ትንሽ ፈሳሽ ይዋልላል።

«በእጅሽ ጨበጥ አድርጊው፣ ይቀልጣል። ከቀለጠ በኋላ ያው ነው» አለች እናቴ።

ያው አይደለም። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም እንደ በፊቱ አይሠራም፤ መልኩን አይቶ መለየት ደግሞ ሁልጊዜ አይቻልም። ይህን ያወቅኩት ፍሪጁን ልንገዛ በነበረ ሰሞን፣ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቤ ነው። የእናቴን ስኳር ለካሁ። ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት።

ፍሪጁን የመረጥነው ለዚህ መድኃኒት ሲባል ነበር። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ያለ ኢንሱሊን አትውልም፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ከውጭ ለተቀመጠ ብልቃጥ አይራራም። ፍራንኮ አካባቢ ባሉ ሱቆች ስንዞር ሻጮቹ በሙሉ ሰፋፊውን፣ በሩ ላይ ውሃ የሚቀዳበትን ነበር የሚያሳዩን። እናቴ ግን ፍሪዘሩ ከላይ የሆነውን፣ ባለ ሁለት በሩን ያዘች። «ስጋው ከላይ፣ መድኃኒቴ ከታች፣ እያንዳንዱ በየበሩ» አለች። እኔም ተስማማሁ፤ ፍሪዘሩ በተከፈተ ቁጥር መድኃኒቱ ያለበት ክፍል አይሞቅም። የበሩን ጎማ ለመፈተን የአሥር ብር ኖት በበሩ መሀል አስገብቼ ዘጋሁና ጎተትኩ፤ በቀላሉ ካልወጣ ጎማው ይይዛል ማለት ነው። በአራቱም በኩል እንዲሁ አደረግኩ። ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እህቴ፣ ፍሪጅ ነው የምትገዢው ወይስ መኪና?»

«መኪና ቢሆን ነድቼ አየው ነበር» አልኩት።

ከስታቢላይዘር ጋር ገዛነው። ከግድግዳው ራቅ አድርገን አቆምነው። የሙቀቱን ማዞሪያ ሦስት ቁጥር ላይ አደረግኩ፤ መድኃኒቱን ክዳን ባለው ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ መሀለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጀርባው ግድግዳ አርቄ አስቀመጥኩ። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ ጀርባው ውርጭ ይሠራል፤ የነካውን ይዞ ያቀዘቅዛል። እናቴ በየጊዜው ከኋላ ያለውን አቧራ ትጠርጋለች፣ የበሩን ጎማ በሳሙና ውሃ ታብሳለች፣ የፍሪዘሩ በረዶ ሲወፍር ነቅላ በራሱ ጊዜ እስኪቀልጥ ትጠብቃለች። አንድ ቀንም ቢላ አስነክታው አታውቅም። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ብልቃጥ አልተበላሸም።

አሁን የታችኛውን በር ከፈትኩ። መሀለኛው መደርደሪያ ላይ ትልቅ ትሪ ሙሉ ስጋ ተቀምጧል። የመድኃኒቱ ሳህን እሱ ቦታ የለም። ያገኘሁት ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከፍሪዘሩ ሥር፣ ጀርባው ጋ ተገፍቶ ነው። ማዞሪያው ሰባት ላይ ነው።

በግቢው ውስጥ ፍሪጅ ያላት እናቴ ብቻ ናት። አረፋ ሲደርስ ፍሪዘሩ የግቢው ይሆናል፤ ያረደም፣ ድርሻ የደረሰውም ስጋውን በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣል፣ የራሱን እንዲለይ ጫፉን በቀለም ክር ያስራል። ፍሪዘሩ ሲሞላ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳሉ። ይህን አውቃለሁ። መድኃኒቱን ይነኩታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሳህኑ ውስጥ ያልተከፈቱ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ፤ እናቴ የምትተማመንባቸው መጠባበቂያዎች። አወጣኋቸው። ፈሳሽ ናቸው።

«አላልኩሽም? አልሐምዱሊላህ። ስጪኝ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ እማ።»

«ምን እቆያለሁ? ቁርስ ሳልበላ ሰዓቴ አለፈ።»

የአንደኛው ካርቶን ጠርዝ ተቀዷል። ወደ ፍሪጁ ተመልሼ ጀርባውን ሳይ የተቀደደው ቁራጭ ከውርጩ ጋር ተጣብቋል። ከሳህኑ አጠገብ የነበረውን ቲማቲም ነካሁት፤ ጣቴ ገባ። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ቲማቲም ነው።

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ለሱብሒ ስነሳ አልነበረም። ከሰገድኩ በኋላ መጣ።»

ስለዚህ ሁለቱ ብልቃጦች ሌሊት በረዶ ሆነው፣ መብራት ሲጠፋ ቀልጠው ሊሆን ይችላል። ሳይቀዘቅዙ አድረውም ሊሆን ይችላል። መብራት ከተመለሰ ወዲህ በረዶ የሆነው የተጋመሰው ብቻ ይሆናል፤ ሙሉው ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ግምት ነው። በግምት ዜና አልጽፍም፤ እናቴንም በግምት አልወጋትም።

ለምትከታተልበት ጤና ጣቢያ ነርስ ደወልኩ።

«ከተጠራጠርሽ አትውጊያት» አለችኝ። «የኛ መድኃኒት ክፍል ዝግ ነው፣ ቁልፉን የያዘው ለበዓል ሻሸመኔ ሄዷል። ከግል ፈልጊ። ስኳሩ አራት መቶ ሃምሳ ካለፈ ወይም ካስመለሳት ግን መድኃኒት ፍለጋ እንዳትዞሪ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ውሰጃት። ውሃ ትጠጣ።»

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ስጋዋን ልትወስድ ገባች። የአርሲ ሰው ናት፣ ከእናቴ ጋር ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው።

«አካም ቡልተን፣ ሐጂያ! እንዴት አደሩ?» አለችና ፊታችንን አይታ ቆመች። «ምነው? ስጋው ሸተተ?»

«ስጋው ደህና ነው» አልኳት። «ሳህኑን ወደ ላይ ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ። ትሪው ደም ያንጠባጥባል፣ የሐጂያን መድኃኒት ደም እንዳይነካው ብዬ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት።»

«ማዞሪያውንስ?»

«አንድ ብቻ ነው የጨመርኩት። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ዋለ፣ ማታ ሲመጣ ስጋው ቶሎ በረዶ እንዲይዝ ብዬ።»

«ስንት ላይ ነበር ስትጨምሪ?»

«ቁጥሩን ማን ያያል? ቀጭ አደረግኩት፣ አለቀ።»

ምን እንደደረሰ ነገርኳት። «ያ ረቢ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ በሩ ወጥታ ማታ ስጋ ያመጡትን ሁለት ሴቶች ጠራች። አንደኛዋ አንድ ብቻ እንደጨመረች ተናገረች። ሁለተኛዋም አንድ ብቻ። ሁለቱም ሌላ ሰው መንካቱን አያውቁም። ከሦስት ተነስቶ ስድስት ሆነ። ሰባተኛዋን ማን እንደጨመረ እናቴን ጠየቅኳት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች፣ ወደ ውሃ ብርጭቆዋ እያየች። «ደሞ ቤቴን ፖሊስ ጣቢያ አስመሰልሽው። የጨመሩት ለደግ ነው።»

ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

እናቴን ለጎረቤታችን አደራ ብዬ ከፍሪዘሩ በረዶ የጨመርኩበት ፔርሙዝና ፎጣ ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት ዝግ። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ ያለው ግን የጠራው ብቻ ነው፣ እናቴ የምትወጋው ድፍርሱ የለም። ሦስተኛው ቢሾፍቱ የሚያውቀው ቤት ደውሎ ጠየቀልኝ፤ አለ ተባለ። ደርሶ መልሱን አሰብኩ። ስልኬ ጠራ።

«ለካኋት» አለች ጎረቤታችን። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። አላስመለሳትም። ግን አፏ ደርቋል፣ መልስም በግድ ነው የምትሰጠኝ።»

«ውሃውን እየጠጣች ነው?»

«እየጠጣች ነው። አንቺ ብቻ ፍጠኚ፣ እህቴ።»

ቢሾፍቱን ተውኩት። መናኸሪያው አካባቢ አንድ ቤት እሞክራለሁ፣ ከሌለ ድንገተኛ እወስዳታለሁ ብዬ ወሰንኩ። የባጃጁ ሹፌር የምናገረውን ሰምቶ ነበር፤ ምንም ሳይጠይቀኝ መንገድ ቀየረ።

መናኸሪያው ጋ ያለው ክፍት ነበር። ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልክ ያያል። የመድኃኒቱን ካርቶን አሳየሁት።

«አለ» አለኝና ሊያመጣ ተነሳ።

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ፍሪጅዎን ማየት እችላለሁ?»

ዞር አለ። «ምን አልሽ?»

«የፍሪጁን ሙቀት ማየት እፈልጋለሁ።»

«የኔን ፍሪጅ ልትፈትሺ? ከጤና ቢሮ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ጋዜጠኛ ነኝ።»

«ይኸው! ልትጽፊብኝ ነዋ!»

«ለእናቴ ነው። የኛ ፍሪጅ መድኃኒቷን በረዶ አድርጎታል፣ ስኳሯ ከአራት መቶ በላይ ነው። የማይሆን ብልቃጥ ይዤ ብሄድ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ የለኝም።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ የባንኮኒውን መዝጊያ አንስቶ አስገባኝ። «ጄኔሬተር አለን» እያለ የፍሪጁን በር ከፈተ። ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ መለኪያ አለ። አምስት ዲግሪ። ጀርባውን በእጄ ዳበስኩ፤ ውርጭ የለም። ካርቶኖቹ ደረቅ ናቸው።

«ረካሽ?»

«አዎ። ይቅርታ።»

«ይቅርታ አያስፈልግም። የናንተ ፍሪጅ ስንት ዲግሪ ነው?»

ጎማውን በብር ኖት ፈትኛለሁ፣ ማዞሪያውን በቁጥር አስቀምጫለሁ፤ ውስጡን ለክቼ ግን አላውቅም።

«አላውቅም።»

«የማዞሪያው ቁጥር ዲግሪ አይደለም» አለና አንድ መለኪያ ከመሳቢያ አውጥቶ ከመድኃኒቱ ጋር ሰጠኝ። «በረዶውን ከታች፣ ፎጣውን መሀል፣ ብልቃጡን ከላይ። እንዳይነካካ።»

ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጎረቤታችን አጠገቧ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብላታለች። መልሼ ለካሁ። አራት መቶ ሠላሳ አንድ። ለነርሷ ደውዬ መጠኑን ጠየቅኩ፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ብልቃጡን በመዳፌ መሀል ቀስ አድርጌ አሽከረከርኩት፣ ድፍርሱ እኩል ተበተነ። በመርፌው ሳብኩ።

«አዲሱ ነው?» አለች እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አዲሱ ነው፣ እማ።»

«ያኛውን ደግሞ እንዳትጥዪው፣ ምናልባት ደህና ይሆናል።»

ወጋኋት። ቁርስ ቀርቦላት ጥቂት ቀመሰች። ጎረቤታችን የስጋውን ትሪ ከፍሪጁ አንስታ ወደ ቤቷ ወሰደች፤ ተመልሳም በሩ ሥር ቁጭ አለች፣ ሂጂ ብንላትም አልሄደችም። ፍሪጁን ሦስት ላይ መለስኩት፣ ሳህኑን ወደ መሀለኛው መደርደሪያ አወረድኩት፣ መለኪያውን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ እንድለካ ነግራኛለች። የመጀመሪያው ልኬት አራት መቶ ሃያ ነበር። ጎረቤታችን ቁጥሩን ስትሰማ ነጠላዋን ይዛ ተነሳች።

«ባጃጁን ልጥራው?»

«ገና ነው» አልኳት። «አልጨመረም።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እናቴ ጣቷን ራሷ ዘረጋችልኝ። የስኳር መለኪያው ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት አሳየ።