የመጨረሻው የሰንደዶ ዘር

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዳንግላ መናኸሪያ ተነሣሁ። መድረሻዬ ከእንጅባራ፣ እኛ ዛሬም ቆሰበር ከምንላት ከተማ፣ ወዲያ ያለው ጥርባ ነው። ሥራዬ የጌጥ ተክል አፍልቶ መሸጥ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሰንደዶን ነው። ሴቶች ዘንጉን ብቻ ነቅለው ሰፌድ ይሰፉበታል፤ ሳይነቀል ከቆየ ደግሞ ዛላው ወይን ጠጅ መስሎ ግቢ ያሳምራል። የእኔ ግቢ ሰንደዶ ደርቆብኛል። ዘር አገኝበታለሁ የምለው አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ የአያ አለኸኝ የእርሻ ድንበር። እሱም በመጪው ክረምት ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ይተከልበታል። ዘንድሮ ካልለቀምኩ አበቃ።

አዲስ ቅዳም

ከተማዋ መግቢያ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ ከጆንያው ኋላ ያው ዲከረንስ ነው።

«ይህን ዛፍ ያመጣልን ይባረክ» አለ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ።

«ሣሩስ የት ገባ?»

«ሣር ይበላል እንዴ?»

«ከሰልስ ይበላል?» አልኩት። ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም።

ቆሰበር

ብርዱ አጥንት ይገባል። ዳቦ በሻይ ቀምሼ ባጃጅ ጠየቅሁ፤ ሾፌሩ እስከ ጥርባ ሦስት መቶ ብር አለኝ። «ባጃጁን ልትሸጥልኝ ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። በሁለት መቶ ሄድን።

ጥርባ

አራት ሰዓት ላይ ድንበሩ ጋ ደረስኩ። ሰንደዶው አንድ በአንድ ተነቅሏል። ደሜ ፈላ! ሴቶቹ ለስፌት የሚነቅሉት በመስከረም፣ ዘር ሳይቋጥር ነው። ዘር የሚፈልግ ሰው እነሱን የሚከለክልለት ያስፈልገዋል፤ አምና አያ አለኸኝ ከልክለውልኝ ነበር። ሽማግሌው ከቤት ሲወጡ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«አያ አለኸኝ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ? እርስዎን አምኜ አይደለም እንዴ የመጣሁ?»

«ሴቶቹ ነቀሉት።»

«እርስዎስ ዝም ብለው አዩ?»

«አዎ፣ ዝም አልኩ» አሉ፤ እሳቸውም ተቆጡ። «አምና ከጎረቤት ተቀያይሜ ላንቺ አቆየሁ። አንዲት ዛላ ሳታስቀሪ ሙልጭ አድርገሽ ወሰድሽ። የት አደረስሽው?»

አምና ጤዛው ሳይለቅ ለቅሜ፣ በፌስታል ቋጥሬ መደርደሪያ ላይ ረሳሁት። ስፈታው ሻጋታ ሆኖ ጠበቀኝ።

«ሻገተብኝ» አልኩ።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ከደጃፉ። አያ አለኸኝ በአገውኛ አንድ ነገር አሏቸው፤ ቋንቋውን ባልሰማም ቁጣውን ሰማሁ። እትዬ ጥሩ ግን ገብተው ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አመጡ።

«ስንነቅል ከዳር ጥቂቱን አላስነካሁም። ጠል ሲለቀው ለቅሜ በጥላ አደረቅሁት» አሉ። እፍኝ አይሞላም። ስነካው ደረቅ ነው፤ በጣቴ መሃል ይረግፋል። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ከቦርሳዬ ፌስታል አወጣሁ። አፈር ልብላ፣ ዘንድሮም ፌስታል!

«በዚህ? እምቢኝ!» አሉና ቋጠሮውን ወደ ደረታቸው መለሱት።

ሻሼን ፈታሁ። ዘሩን እዚያ ላይ ገልብጠው፣ ራሳቸው ቋጠሩልኝ።

ዳንግላ

ፀጉሬ ባጃጅ ላይ በነፋስ እንደተንጨባረረ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ዘሩን ጥላ ሥር ወረቀት ላይ በትኜ ነው ይህን የምጽፈው። አሁንም እርር ድብን ብያለሁ። ዓመት ሙሉ ዲከረንስ ተካዩን፣ ሰንደዶ ነቃዩን ስረግም ኖሬ፣ የአንድ ድንበር ዘር ሙሉውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ነቃዮቹ እንኳ ሥሩን ትተውለታል፤ ዘሩንም ያቆዩልኝ ከነሱ አንዷ ናቸው።

እትዬ ጥሩ ሲሸኙኝ ዋጋ አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው፣ «ከበቀለልሽ አንድ ሥር ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ። «ለከርሞ እኛ ጋ አይኖርም።»