ጋሽ በረዶ ቢራ ሊጠምቅ ሲነሳ

የእህቴ ባል ስለሆነ፣ ስለ እሱ ሳወራ ሚዛኔ ትክክል ነው ብዬ አልዋሽም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ፣ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሰው ቤት እየሄደ ያልተበላሸ ፍሪጅ «ድምፁ አልጣመኝም» ብሎ መፍታት የጀመረ ሰው ነው። ሰፈሩ ጋሽ በረዶ ይለዋል። ጎረቤት ሲመጣ ሲያየው በር ይቆልፋል።

እህቴ ነርስ ናት። ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ባሏ ቤት ውስጥም «ሲስተር» ነው የሚላት። የእሷም ጡረታ ደረሰና የክፍሏ ሰዎች የስንብት ግብዣ ሊያደርጉላት ቤቷ መጥተው ተማከሩ። ወሬው መጠጥ ጋ ሲደርስ ጋሽ በረዶ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ አለ።

«መጠጡን ለእኔ ተዉት! አርባ ጠርሙስ ቢራ፣ በገዛ እጄ የጠመቅኩት!»

ከዚያ በፊት ጠምቆ የሚያውቀው ነገር የለም። ሻይ እንኳ ሲያፈላ ያሳርራል። እንግዶቹ ግን አጨበጨቡ፤ ስለ መጠጥ ማሰብም ተዉ። እህቴ እኔን ስትሸኝ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አክብረውኛል» አለችኝ። «በመጨረሻዋ ቀን ባዶ ብርጭቆ ባስይዛቸው ምን ይውጠኛል?»

ግብዣው ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እውነቱን ለመናገር የሰውዬው እጅ ወርቅ ነው። ትልቁን ድስት ግርጌው ላይ በስቶ ቧንቧ ገጠመለት። አዲስ የመዳብ ቱቦ እንደ ገመድ ጠቅልሎ ድስቱ ውስጥ አስቀመጠ፤ በቱቦው ቀዝቃዛ ውሃ ሲያልፍ የፈላው የብቅል ውሃ በሩብ ሰዓት ለብ ይላል። የባልዲውን ክዳን በስቶ የግሉኮስ ጎማ አስገባ፤ የጎማውን ሌላ ጫፍ ውሃ በያዘ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ነከረው። አየር ይወጣል፣ ቆሻሻ አይገባም። ኩሽናው በሽቦና በቱቦ ስለተያዘ እህቴ ሰሃን የምታጥበው መታጠቢያ ቤት ገብታ ሆነ።

የኩራቱ ኩራት ግን ሳጥኑ ነበር። ወራቱ ብርድ ነው፤ እርሾው ደግሞ ሃያ ዲግሪ ገደማ ካላገኘ አይሠራም። ስለዚህ ሞተሩ የሞተ ፍሪጅ ከየት እንደሆነ እንጃ ጎትቶ አመጣ። መደርደሪያውን አውጥቶ አምፖል ሰቀለበት፣ አምፖሉን ከፍሪጁ ቴርሞስታት ጋር አገናኘው፣ በሩን በስቶ ማያ የምትሆን መስታወት ለጠፈ። ሐሳቡ፣ ሲበርድ አምፖሉ እንዲበራ፣ ሲሞቅ እንዲጠፋ ነው። ባልዲውን አስገብቶ በሩን ሲዘጋው መስታወቷ ቢጫ ሆነች።

«በራ!» አለና እኔን ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። በሦስተኛው ቀን ጸጥ አለ። አምፖሉ እንደበራ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ አምፖል አይጠፋም እንዴ?» አልኩት።

«ሠራተኛ ነዋ! እንዳንቺ በየሰዓቱ ሻይ አያምረውም።»

«ድምፁስ የት ሄደ?»

«ጨርሷላ! ሌላው በሁለት ሳምንት የሚጨርሰውን እኔ በሦስት ቀን!»

አመሻሹ ላይ እህቴ ከሥራ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሳጥኑን ከፈተችና የእጇን ጀርባ ባልዲው ላይ አሳረፈች። ከቦርሳዋ ቴርሞሜትር አውጥታ ከተተችበት። አርባ ሁለት ደረሰና ቆመ፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለውም።

«ይኼ በሕይወት የለም» አለች፣ በሥራ ቦታ ድምጿ።

«ማነው የሌለው?»

«እርሾህ! ቀቅለኸዋል። እኛ ጋ ሕፃኑን ሲሞቀው ማሞቂያው ይጠፋል። ያንተ ሲሞቀው ይበራል!»

ጋሽ በረዶ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ እንደተከፈተ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ሽቦ ያሰረው ፍሪጁ ሲሞቅ ሞተሩ እንዲነሳ ነው። እጁም ማንንም ሳያማክር የለመደውን አሰረ። ሞተር ቢሆን ተነስቶ ያቀዘቅዛል፤ አምፖል ግን ስለሞቀው እየበራ፣ ስለበራ እያሞቀ ጉዳችንን አፈላው።

ተሳሳትኩ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«የአምፖሉ ጥፋት ነው። ርካሽ አምፖል!» አለና ባልዲውን ተሸክሞ ወደ ጓሮ ወጣ።

በመስኮት አየሁት። ያን ሁሉ ልፋት ቀስ እያለ ቦዩ ውስጥ ደፋው፤ ባልዲው ባዶ ከሆነ በኋላም ዘቅዝቆ እንደያዘው ቆመ። ብስቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አንጀቴን በላው።

ሲመለስ እህቴ ሳጥኑ ፊት ወንበር ስባ ተቀምጣለች። አልጮኸችበትም።

«አምስት ሳምንት አለን» አለችው። «አንተ ሽቦውን አዙር፤ ሙቀቱን እኔ እይዛለሁ።»

ሽቦውን ከቴርሞስታቱ አንድ እግር ወደ ሌላው ለማዛወር አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። አዲስ ብቅል አፍልቶ ባልዲውን እንደገና ካስገባ ወዲያ ሳጥኑ ታማሚ ሆነ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ዲግሪው ተጻፈበት። እህቴ ሥራ ስትሆን፣ ቤቴ ቅርብ ነውና ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ ካልጻፍኩ ወዮልኝ። ጋሽ በረዶ እጁን ሳይታጠብ ዝር እንዳይል ተከለከለ። አንድ ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ ሳጥኑ አጠገብ በሹክሹክታ ሲያወራ አገኘሁት። ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ቡልቅታው ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ጥቂት ስኳር ጨምረን አርባ ሁለት ጠርሙስ ሞላን። ሁለቱ ጓዳ ውስጥ ፈነዱ፤ ድመቷ እስከ ማግስቱ ቤት አልገባችም።

በግብዣው ቀን በሆስፒታሉ አዳራሽ የመጀመሪያውን ጠርሙስ እህቴ ራሷ ከፈተችው። አረፋው ግንፍል ብሎ ወጣ። የክፍሉ ኃላፊ ቀመሰ፣ ደገመ። ትንሽ ይመራል፣ ግን ቢራ ነው። አዳራሹ በጫጫታ ሲሞላ የእህቴ ትከሻ ወደ ቦታው ሲመለስ አየሁ።

«መሣሪያውን የሠራው ማነው?» አለ ኃላፊው።

ጋሽ በረዶ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። ስለ መዳብ ቱቦው ብቻ ግማሽ ሰዓት እንደሚያወራ ስለማውቅ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ገልብጬ ነው የሠራሁት፣ ተሳስቼ። ያዳነችው ሲስተር ናት። እናንተ እሷ ምን እንደሆነች ሠላሳ አንድ ዓመት ታውቃላችሁ። እኔ ገና አሁን አየኋት።»

እህቴ በስንብት ንግግሯ አንዲት እንባ አላወጣችም ነበር። አሁን ግን ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ጋሽ በረዶ ደንግጦ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።