ጭራሮ የማይወጣበት ደን

ባለፈው ዓርብ ልጄ ከስልኩ ላይ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ሰዎች ሳጥን ደብቀው ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር የሚጠቋቆሙበት ጨዋታ አለ፤ አንዱ እኛው አካባቢ ደን ውስጥ ያገኘውን ከፍቶ ፎቶ አንስቶታል። ከሳንቲምና ከብይ መሀል አንድ የእንጨት ሚዶ ተጋድሟል። ሚዶውን አውቀዋለሁ።

በወጣትነቴ ደብረ ማርቆስ የመሬት ልኬታ ሠራተኛ ነበርሁ። ውቢት የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እንደምወዳት ከእሷ በቀር ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ሰኞ ወደ መርጡለ ማርያም ተዛውራ ልትሄድ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ቃል ግን ገና አልነገርኋትም። አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ በደምበጫ መንገድ ካለ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ሳጥን ደብቆ፣ ቁጥሩን ትቶልን ነበርና ቅዳሜ እንፈልገው አልኋት። የጨዋታው ደንብ አንድ ነገር አስቀምጦ አንድ ነገር መውሰድ ነው። የወሰድሁትን ሰጥቻት በዚያው ቃሌን ላስከትል አሰብሁ። ፈሪ ሰው ሰበብ አያጣም።

ጥቅምት ነበር፤ ከሚኒባሱ ስንወርድ ምድሩ ገና አልደረቀም። የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ሄድን። በሩ ላይ ያገኘናቸው ቄስ የመጣንበትን ሰምተው ሳቁ፤ ሳጥኑ የገባው በእሳቸው ፈቃድ ኖሯል።

"ፈልጉ ልጆቼ። ስትወጡ ግን ጭራሮ እንኳ ይዛችሁ እንዳትወጡ፤ የታቦቱ ነው" አሉን።

የቢሮውን ጂፒኤስ አምነን ከመንገዱ ወጣን። ጽዱና ወይራው ሰማዩን ሲጋርደው መሣሪያው አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ይለን ጀመር። ቀጋው ነጠላዋን ያዘው፤ ላላቅቅ ስል እኔን ቧጠጠኝ። አንዱን ቁጥቋጦ ደጋግመን ዞርነው። እውነቱን ለመናገር ባይገኝም ግድ አልነበረኝም። በኋላ እሷ አገኘችው፤ ወይራ ሥር፣ በድንጋይ ተከድኖ።

ቀይ የጨሌ አምባር አነሳሁ። "ይኼ ላንቺ" ከማለቴ ከእጄ ወስዳ መለሰችው።

"ቄሱ ያሉትን አልሰማህም?"

"የጨዋታው ደንብ ውሰዱ ይላል።"

"የደኑ ይበልጣል።"

ሰበቤን ተነጠቅሁ። ባዶ እጄን ቆሜ፣ "ውቢት፣ እወድሻለሁ፤ ሰኞ ስትሄጂ እኔ ምን ልሁን?" አልኋት። ምንም ሳንተው መሄድ ነውር ነው ብላ ሚዶዋን ከፀጉሯ አውጥታ ሳጥኑ ውስጥ አኖረች። ከዚያ እየከደነችው፣

"መርጡለ ማርያም ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ይገባል" አለችኝ።

እስክንጋባ ድረስ የዚያን መንገድ ጉድጓድ ሁሉ በወገቤ አወቅሁት።

ፎቶውን ለውቢት ወሰድሁላት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። አምባሩም እዚያው አለ። ያን ቀን ይዤው ብወጣ ኖሮ እሱኑ ሰጥቻት ቃሉን እውጠው ነበር፤ በመከልከሌ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

"ነገ ቅዳሜ አይደል?" አለችኝ ስልኩን እየመለሰች።

ነው ብያት የእግር መንገድ ጫማዬን ልፈልግ ተነሳሁ።